ያልተከፈለው ዕዳ፣ ያልተጻፈው ኑዛዜ

አበው ሲተርቱ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ። በስደት የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ምሑር ካስተማረው ዩኒቨርሲቲ ጋር ያለው ነገር ከዚህ ተረት የራቀ አይደለም። ምሑሩ አገዛዙን ጠላ፤ ለመጥላትም በቂ ምክንያት ነበረው። ባሕር ማዶ ሆኖ አገዛዙን ሊነካው ስላልቻለ ግን የአገዛዙ እጅ ያረፈበትን ሁሉ ጠቅልሎ ተወው። ከተተዉትም ዋነኛው ዛሬ እንጀራ የሚበላበትን ሙያ የሰጠው ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚህ ኩርፊያ እንቅልፉን ያጣ አንድም ሹም አናውቅም። የተጎዳው በቤተ ሙከራው ውስጥ መሣሪያ ያጣው ተማሪና አዲስ መጽሐፍ ያላየው መምህር ነው። ዱላው ያረፈው በዳውላው ላይ ነው፤ አህያው ግን ሣሩን እየጋጠ ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንሟገትለት ነገር አንድ ነው። በውጭ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪ ሁሉ ኑዛዜውን ሲጽፍ፣ የጡረታ ሒሳቡንና የሕይወት ኢንሹራንሱን ወራሽ ሲሰይም፣ ያስተማረውን ዩኒቨርሲቲ ከወራሾቹ እንደ አንዱ አድርጎ ይጻፈው እንላለን። ይህን የምንለው ሥልጣን ላይ ያለውን ለመደገፍ አይደለም። ከዛሬውም፣ ከትናንቱም፣ ከነገውም ሹም እጅ ውጭ የሆነ የዩኒቨርሲቲ ገንዘብ እስካልተፈጠረ ድረስ የትምህርት ነጻነት ከመፈክርነት አያልፍም ብለን ስለምናምን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ዕዳው እንነጋገር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በሩን ከከፈተበት ጊዜ አንሥቶ የወጪ መጋራት ሥርዓት በ1996 ዓ.ም. እስከ ተጀመረበት ድረስ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ ለትምህርቱ አልከፈለም። ብዙው የበላውና የተኛው እንኳ በመንግሥት ወጪ ነበር። ለመሆኑ «መንግሥት» የሚባለው ያን ገንዘብ ከየት አመጣው? ከገበሬው ነው። በ1940 ዓ.ም. ለትምህርት ተብሎ በመሬት ላይ ልዩ ግብር ተጥሎ ነበር። ገበሬው ከፈለ፤ ትምህርት ቤቶቹ ግን በአብዛኛው የተሠሩት በከተማ ነበር። ልጁን ፊደል ለማስቆጠር ያልታደለው አባት የሌላውን ልጅ ትምህርት በጫንቃው ተሸከመ ማለት ነው።

የዚያ ዘመን ተማሪ ይህን አልሳተውም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ስለ ገባው ነበር። እኛም ያን ጩኸት እናከብራለን። ነገር ግን ዛሬ ያ ትውልድ በዋሽንግተንና በቶሮንቶ፣ በለንደንና በስቶክሆልም የቤት ባለቤት፣ የጡረታ ባለመብት ሆኗል። ለአራሹ መሬት የጠየቀው ሰው በኑዛዜው ውስጥ ለአራሹ ልጅ አንዲት መስመር ትቷልን? ይህን ጥያቄ የምናነሣው ለማሳፈር አይደለም፤ ጊዜው ስለ መሸ ነው። ከአብዮቱ በፊት ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ዛሬ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ይገኛል። በየሳምንቱ የቀብር ማስታወቂያ እናነባለን። ኑዛዜ ሳይጽፍ ያለፈ ሰው ንብረት የሚከፋፈለው የሚኖርበት አገር ሕግ ባወጣው ተራ ነው። ያ ሕግ ዘመድን እንጂ ዩኒቨርሲቲን አያውቅም። ሟቹ በሕይወት ሳለ ስለ አገሩ የቱንም ያህል ቢቆረቆር፣ ያልጻፈውን ሐሳቡን የሚያነብለት ዳኛ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ማነጻጸሪያ ማንሣት ግድ ይለናል። በዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት እኅቶቻችን አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲን በር አልረገጡም። ጡረታ የላቸውም፤ በሚኖሩበት አገር ዜግነትም አያገኙም። ይሁንና ከዚያች ከደመወዛቸው ቆርጠው ወንድሞቻቸውንና እኅቶቻቸውን ያስተምራሉ። ምንም ያልተደረገላት ስትሰጥ፣ ሁሉ የተደረገለት ሰው «አገዛዙ እስኪቀየር እጠብቃለሁ» ማለቱን ምን እንበለው?

ኩርፊያው ከምን እንደ መጣ አልዘነጋንም። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ ተማሪውን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከው፤ ከዚያ በተከተለው ቀይ ሽብር የትውልዱን አበባ ረገፈ። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ ተቃውመው ሰልፍ በወጡ ተማሪዎች ላይ ጥይት ተተኮሰ። በዚያው ዓመት 42 መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በደብዳቤ ተባረሩ። ከእነርሱም መካከል የሕክምና ፋኩልቲውን ካቋቋሙት አንዱ የነበሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። እርሳቸውም ከረጅም እስር በኋላ በ1991 ዓ.ም. በፊላደልፊያ በስደት አረፉ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ፣ ማኅበራችንና ጋዜጣችን ይመለስ ብለው በተነሡ ጊዜ በከተማይቱ በተከተለው ረብሻ ከ30 የማያንሱ ሰዎች ተገደሉ። ይህን ሁሉ እናውቃለን፤ እንዲረሳም አንፈቅድም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ ግፍ የተቀዳው መደምደሚያ የተገላቢጦሽ ነው። «ዩኒቨርሲቲው የአገዛዙ ነውና አንድ ሳንቲም አይገባውም» ተባለ። እኛ ግን እንዲህ ብለን እንጠይቃለን፤ 42 መምህራንን በአንድ ደብዳቤ ማባረር ለምን ቀለለ? ሹመቱም፣ ደመወዙም፣ የምርምር ገንዘቡም፣ የመኖሪያ ቤቱም ቁልፍ በአንድ እጅ ስለ ተያዘ ነው። ከዚያ እጅ ውጭ የሚተዳደር ፈንድ ቢኖር ኖሮ መባረሩን ባያስቀር እንኳ፣ የተባረረው መምህር ምርምሩን የሚቀጥልበት፣ መጽሐፉን የሚያሳትምበት፣ ተማሪዎቹን የሚረዳበት መንገድ ይኖር ነበር። ስለዚህ የ1985 ዓ.ም. ግፍ የሚያስተምረን እጅን መሰብሰብን ሳይሆን ሁለተኛ ካዝና ማቋቋምን ነው። እጁን የሰበሰበ ምሑር ያቺን ብቸኛ ካዝና ይበልጥ ብቸኛ አደረጋት፤ ሳያስበው ለጠላው ሹም አገለገለ።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ጸድቆ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። በወረቀት ላይ የሰፈረው የአካዳሚ፣ የአስተዳደርና የገንዘብ ነጻነት ነው። ነገር ግን ገንዘብ የሌለው ራስ ገዝ የምን ራስ ገዝ ነው? ዩኒቨርሲቲው የራሱን ገቢ ይፈልግ ሲባል ሦስት በሮች አሉት፤ ከተማሪው ኪስ መውሰድ፣ መንግሥትን መለመን፣ ወይም ከቀድሞ ተማሪዎቹ ማግኘት። ሦስተኛው በር ተዘግቶ ከቀረ ሸክሙ የሚያርፈው በመጀመሪያው ላይ ነው። በነጻ የተማረው ትውልድ ዝም ሲል፣ የልጅ ልጁ ዕድሜ ያላት የገበሬ ልጅ ከፍላ ትማራለች፤ መክፈል ካልቻለች ትቀራለች። ክርክራችን ስለ ምጽዋት ሳይሆን ስለ ፍትሕ ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

«በኑዛዜ መስጠት የፈረንጅ ባህል ነው» የሚሉን አሉ። ይህ ታሪክን አለማወቅ ነው። የአገራችን አድባራትና ገዳማት የብራና ወንጌሎች ባዶ ገጾች ምስክር ናቸው። ነገሥታቱና መኳንንቱ ለደብሩ የሰጡት ጉልት ከነወሰኑ፣ ከነምስክሮቹ ስም፣ ስጦታውን የሚያፈርስም የተረገመ ይሁን ከሚል ግዝት ጋር በእነዚያ ገጾች ላይ ሰፍሯል። በሐረርና በወሎ ሙስሊም ወገኖቻችን ለመስጊድና ለትምህርት ወቅፍ ሲያደርጉ ኖረዋል። ጉልት በገበሬው ጫንቃ ላይ የቆመ ሥርዓት ነበርና ይመለስ አንልም። ሐሳቡን ግን እንውሰድ፤ ሰጪው ሲሞት የማይሞት፣ ዓላማው በጽሑፍ የታወቀ፣ ምስክር ያለው፣ ዋናው ሳይነካ ፍሬው የሚበላ ስጦታ። ዛሬ ኢንዶውመንት እየተባለ እንደ አዲስ ነገር የሚነገረን ይኸው ነው።

ስድስት ኪሎ ራሱ የስጦታ ፍሬ መሆኑንስ ስንቱ ያስታውሳል? በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ የመኳንንት ደም የፈሰሰበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዓመት እንደ ሞላው በ1954 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ስጦታ የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ሆነ። ሰጪው ከዙፋናቸው ወርደው ተገደሉ፤ ስማቸውም ከዩኒቨርሲቲው ላይ ተፋቀ። ያወረዳቸው ደርግም ወደቀ፤ ደርግን የጣለው ኢሕአዴግም ፈረሰ። ግቢው ግን ዛሬም ተማሪ ያስተናግዳል። አገዛዝ ያልፋል፤ በሚገባ የተተከለ ስጦታ ይኖራል። «ዩኒቨርሲቲው የአገዛዙ ነው» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።

ሌላው ምክንያት «እኛ ሀብታሞች አይደለንም» የሚለው ነው። የሃርቫርድ ስም የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1638 የሞተ ጆን ሃርቫርድ የተባለ ወጣት ሰባኪ የሀብቱን ግማሽና 400 ያህል መጻሕፍቱን ገና ለተቋቋመው ኮሌጅ በመናዘዙ ነው። ይህ ሩቅ ከሆነ ቅርቡን እንመልከት። ኦሲዮላ ማካርቲ በሚሲሲፒ የሐቲስበርግ ከተማ ነዋሪ የሆኑ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርታቸውን አቋርጠው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልብስ በማጠብ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1995፣ በ87 ዓመታቸው፣ ያጠራቀሟትን ገንዘብ እንዴት እንደሚያወርሱ ባንኩ ሲጠይቃቸው አሥር ሳንቲሞች ቀረቡላቸው። አንዷን ለቤተ ክርስቲያናቸው፣ ሦስቱን ለሦስት ዘመዶቻቸው፣ ስድስቷን ለሳውዘርን ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ መደቡ። የዩኒቨርሲቲው ድርሻ 150 ሺህ ዶላር ያህል ነበር፤ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1999 አረፉ። ያ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1965 እ.ኤ.አ. ድረስ ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር! በወጣትነታቸው በሩን ለዘጋባቸው ተቋም ልብስ አጣቢዋ ኑዛዜ ጻፉ። አላኮረፉም፤ ገንዘባቸውን በሩ ዳግመኛ እንዳይዘጋ አዋሉት። በነጻ ተምሮ፣ ተመርቆ፣ ሐኪምና መሐንዲስ የሆነው የእኛ ሰው ከእኒህ እናት ፊት ምን ብሎ ይቆማል?

«ገንዘቡ ይበላል» የሚለው ስጋት ግን ከሁሉ የበረታ ነው፤ ልንንቀውም አንችልም። ደርግ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠሩን መሬት፣ በሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ በየዘመኑ ለበጎ ሥራ የተሰጠውም አብሮ ሄደ። ብሩም ቢሆን አደራ አይጠብቅም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላልና እንጠርጥር። ጥርጣሬ ግን መላ ለመፍጠሪያ እንጂ ለመተኛት ሰበብ ሊሆን አይገባም። መላውም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ዋናው ገንዘብ ወደ አገር ቤት አይግባ። በየአገሩ ሕግ የተመዘገበ፣ ቦርዱ በቀድሞ ተማሪዎች የሚመረጥ፣ ሒሳቡ በየዓመቱ በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ የሚታተም ባላደራ ድርጅት ይያዘው። በአሜሪካ «501 ሲ 3» የሚባለው ዓይነት ድርጅት ለዚህ ይሆናል። ግብር ከፋዩ በቀጥታ ለውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ስጦታ በአብዛኛው ከገቢ ግብሩ አይቀነስለትምና ሌሎች አገሮች ዩኒቨርሲቲዎቻቸውን የሚረዱት በዚሁ መንገድ ነው።

ሁለተኛ፣ ፍሬው ብቻ ይውጣ። ለምሳሌ ያህል 500 ሰዎች እያንዳንዳቸው 20 ሺህ ዶላር ቢናዘዙ 10 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ከዚህ በዓመት 4 በመቶው ብቻ ቢወጣ 400 ሺህ ዶላር ነው፤ ዋናውም ሳይነካ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ዛሬ በአዳራሽ ተሰብስቦ ነገ የሚረሳ መዋጮ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ሦስተኛ፣ ስጦታው ቅድመ ሁኔታ ይኑረው። መምህር በፖለቲካ አመለካከቱ ሲባረር፣ ተማሪ በብሔሩ ሲለይ፣ ክፍያው ከአስተዳደሩ ተነሥቶ በቀጥታ ለተማሪዎችና ለተባረሩት ተመራማሪዎች ይዋል ተብሎ ይጻፍ። በሕይወት ያለ ሰጪ በእራት ግብዣና በሜዳልያ ሊደለል ይችላል። የሞተን ሰው ግን ማን ይደልለዋል? በኑዛዜ የሚሰጥ ስጦታ ከሁሉም ይልቅ ለተቃዋሚ የሚስማማው በዚህ ነው።

አራተኛ፣ ምን እንደሚናዘዙ ይታወቅ። «ልጆች አሉኝ» ለሚል ወገናችን ሕጉ ራሱ መንገድ ያሳያል። በአሜሪካ እንደ 401ኬ ያለ የተለመደ የጡረታ ሒሳብ ለልጅ ሲተላለፍ ልጁ ሲያወጣው የገቢ ግብር ይከፍልበታል፤ ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሲተላለፍ ግን ግብሩ የለም። ስለዚህ ቤቱን ለልጆች፣ ከጡረታው ሒሳብ ጥቂት በመቶውን ለዩኒቨርሲቲው ፈንድ መተው ልጆችን ብዙም ሳይጎዳ የሚቻል ነው። ለዚህም ጠበቃ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፤ የሒሳቡን የወራሽ መሰየሚያ ቅጽ መሙላት በቂ ነው። ባለትዳር ከሆነ ግን የትዳር ጓደኛውን ፈቃድ መጠየቁን አይርሳ። በብሪታንያ ደግሞ በውርስ ላይ 40 በመቶ ግብር የሚጣልበት ሰው ግብር ከሚነካው ሀብቱ ቢያንስ 10 በመቶውን ለበጎ አድራጎት ከተወ ግብሩ ወደ 36 በመቶ ዝቅ ይልለታል።

አምስተኛ፣ አገር ቤት ቤት ያለው ሰው በአገር ቤት ሕግ በደንብ ይናዘዝ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፣ መነበቡና ቀኑም በራሱ በኑዛዜው ላይ ካልተጻፈ ዋጋ የለውም። በዚህች በአንዲት ዐረፍተ ነገር መጉደል ኑዛዜ ይፈርሳል። መልካም ሐሳብ በጉድለት እንዳይጠፋ የሕግ ባለሙያ ይጠየቅ።

«የትኛው ዩኒቨርሲቲ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ዘመኑ የመንደር ዘመን ነውና። መልሳችን አጭር ነው፤ ያስተማረህን። ሐረማያ ያስተማረህ ለሐረማያ፣ ጎንደር ያስተማረህ ለጎንደር፣ ጅማ ያስተማረህ ለጅማ ስጥ። ወሎና መቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች በቅርቡ ጦርነት ምን እንደ ደረሰባቸው ሁላችንም እናውቃለን። አንዱን መርዳት ሌላውን መጥላት አይደለም። ገንዘቡ ግን በየትኛውም ግቢ ቢሆን በችሎታና በችግር እንጂ በብሔር አይታደል።

ለዩኒቨርሲቲዎቹ አስተዳዳሪዎችም አንድ ቃል አለን። የቀድሞ ተማሪን በምረቃ ቀን ከሸኛችሁት በኋላ የት እንዳለ ጠይቃችሁት አታውቁም፤ ታሰረም ተሰደደም አልጠየቃችሁም። ዛሬ ገንዘቡን ስትፈልጉ ቃሉንም አብራችሁ ተቀበሉ። በግፍ የተባረሩትን መምህራን ስም በክብር መልሱ፤ የምትቀበሉትን ስጦታ ሁሉ በየዓመቱ ለሕዝብ አሳትሙ። ዝምታን በመዋጮ ለመግዛት ካሰባችሁ ግን ከእኛ ወገን የሚሸጥ ዝምታ የለም።

በስደት ላለው የፖለቲካ ድርጅት ሁሉም እንዲሁ እንላለን። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በየአዳራሹ ለፓርቲ፣ ለግንባር፣ ለንቅናቄ የተዋጣው ገንዘብ ብዙ ነው። ከእነዚያ ድርጅቶች ስንቱ ዛሬ ስሙ እንኳ ቀረ? ተሰነጠቁ፣ ተዋሐዱ፣ ፈረሱ። ትግሉ አያስፈልግም አንልም። ነገር ግን ነጻ አእምሮ የሚያፈራ ተቋም ከሌለ፣ ነገ ነጻ የወጣችውን አገር ማን ሊያስተዳድራት ነው?

ወገኖቻችን ሆይ! አገዛዝ እስኪለወጥ መጠበቅ ከጀመርን ቆይተናል፤ ሦስት ጊዜም ተለውጧል። ዕድሜ ግን ማንንም አይጠብቅም። በዚህ ሳምንት ቅጹን ሙሉ፤ ኑዛዜውን ጻፉ፤ ለልጆቻችሁም ለምን እንደ ጻፋችሁት ንገሯቸው። ልጁን ሳያስተምር እኛን ያስተማረው ገበሬ ደረሰኝ አልጠየቀም። ዕዳው ግን ዕዳ ነው፤ የሚከፈለውም ለልጅ ልጁ ነው።

ቸር ይግጠመን።